«ላፕቶፑ አቅም አንሶት ነው»፦ ስለሚቆራረጥ ድምፅ የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ወደ ስቱዲዮ የሚመጣ ወጣት አቀናባሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «ድምፁ ይቆራረጥብኛል፣ ራም ልጨምር ወይስ ላፕቶፑን ልቀይር?» ሦስተኛ ምርጫ ያለ አይመስለውም። ይህን ምክር የሚሰጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቃ ሻጮችና አንድም ቀን ቀረጻ ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ልጆች ከዘመድ ተበድረው አዲስ ማሽን ከገዙ በኋላ ያው «ጠቅ፣ ጠቅ» ሲከተላቸው ማየት ሰልችቶኛል።

«የሚቆራረጠው ላፕቶፑ ደካማ ስለሆነ ነው»

ዋናው ስህተት ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

የሙዚቃ ሶፍትዌሮች፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮም ሆነ ኩቤዝ፣ ሎጂክም ሆነ አብልተን፣ ድምፅን የሚያሰሉት ቁራጭ በቁራጭ ነው። የቁራጩ መጠን በፈር ይባላል፤ የሚለካውም በሳምፕል፣ ማለትም በድምፅ ናሙና ብዛት ነው። ፕሮጀክቱ 44,100 ሳምፕል ሬት ላይ (በሰከንድ 44,100 ሳምፕል) ሆኖ በፈሩን 128 ካደረጋችሁት፣ ፕሮሰሰሩ አንዱን ቁራጭ ጨርሶ ድምፁን ለሚያስገባውና ለሚያወጣው ዕቃ፣ ለሳውንድ ካርዱ፣ ለማስረከብ ያለው ጊዜ 2.9 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የሁሉም ትራክና የሁሉም ፕለጊን (ትራክ ላይ የሚጫን ኢፌክት ወይም የሙዚቃ መሣሪያ) ስሌት ማለቅ አለበት። ካለቀ ጥሩ። ትንሽ ከዘገየ ግን ሳውንድ ካርዱ አይጠብቅም፤ የሚያጫውተው ነገር ስለሌለው ድምፁ ይቆረጣል። እናንተ «ጠቅ አለብኝ» የምትሉት ያንን ነው። በፈሩን 512 ስታደርጉት ጊዜው 11.6፣ 1024 ስታደርጉት ደግሞ 23.2 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ላፕቶፑም ፕሮጀክቱም ያው ናቸው፤ የተሰጠው ጊዜ ግን ስምንት እጥፍ ሆነ።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ምን ያህል ጉልበት አለው ሳይሆን በሰዓቱ ያደርሳል ወይ ነው። የቱንም ያህል ፈጣን ፕሮሰሰር ቢሆን ለ5 ሚሊሰከንድ ሌላ ሥራ ከያዘው 128 ላይ ይዘገያል። ዊንዶውስ ላይ ፕሮሰሰሩን እንዲህ የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨሮች (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች) ናቸው፦ የዋይፋይ፣ የብሉቱዝ፣ የግራፊክስ ካርድ፣ የባትሪ። ሌተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ከፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ብትተዉት ፕሮሰሰሩን ይዞ የሚያቆየውን ድራይቨር በስሙ ያሳያችኋል።

አንድ ክራር የሚቀርጽ ልጅ ያለውን ሁሉ አሟጦ 8 ኮርና 32 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ገዛ። በየጥቂት ሰከንዱ ጠቅ ይላል። ሌተንሲሞንን ስንከፍተው ከዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው የኔትወርክ ድራይቨሩ ነበር። ከዲቫይስ ማናጀር ገብተን ዋይፋዩን ዲሴብል አደረግነውና ያንኑ ክራር ደግመን ቀረጽን፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንጹሕ። ያ ልጅ የሸጠው አሮጌ ላፕቶፕም በዚሁ ይድን ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እስካሁን የሚያናድደኝም ይኼ ነው።

ራምን በተመለከተ አጭር መልስ፦ ራም የሚጠቅመው ትልልቅ የሳምፕል ላይብረሪዎችን ለመጫን ነው። ሞልቶ ካልሆነ በቀር 8 ጊጋውን 16 ማድረግ የፕለጊኖችን ስሌት አያቀልም።

«ታስክ ማናጀር 30 በመቶ ነው የሚለው፣ ፕሮሰሰሩ ሊሆን አይችልም»

ሊሆን ይችላል። ታስክ ማናጀር፣ ዊንዶውስ የፕሮሰሰሩን ሥራ የሚያሳይበት መስኮት፣ የሚያሳየው የሁሉንም ኮሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን የሚያሰሉ ክፍሎች) አማካይ ነው። አንድ ትራክ ላይ የደረደራችኋቸው ፕለጊኖች ግን ተራ ይጠብቃሉ፤ የድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያቀራርበው ኮምፕረሰር ቀጭንና ወፍራሙን የሚያመጣጥነው ኢኪው ሳይጨርስ አይጀምርም፣ ማሚቶ የሚጨምረው ሪቨርብም ኮምፕረሰሩን ይጠብቃል። ስለዚህ የአንድ ትራክ ሰንሰለት ለብዙ ኮር አይከፋፈልም። ምጣዱ አንድ ከሆነ ስምንት ጋጋሪ ቢቆምም እንጀራው ቶሎ አይደርስም። ማስተር ላይ፣ ሁሉም ትራክ ተደምሮ በሚያልፍበት የመጨረሻ መስመር፣ የምትደረድሩት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ሁሉም ትራክ አልቆ እስኪደርስለት ይጠብቃልና። ማየት ያለባችሁ የሙዚቃ ሶፍትዌሩን የራሱን መለኪያ ነው።

መፍትሔውም ማሽን መግዛት አይደለም። ለእያንዳንዱ ትራክ የየራሱን ሪቨርብ ከመጫን አንድ ሪቨርብ በሴንድ (ትራኮች በጋራ በሚጠቀሙበት መስመር) ክፈቱና ሁሉንም ወደሱ ላኩ። ያለቀለትን ከባድ ሲንተሳይዘር ፍሪዝ አድርጉት (ስሌቱ አንዴ አልቆ እንዲቀመጥ) ወይም ወደ ኦዲዮ ቀይሩት። ቮካል እየቀረጻችሁ ማስተር ላይ ሊሚተር (ድምፅ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚይዝ ፕለጊን) እና ሊኒየር ፌዝ የሚባለውን የኢኪው ዓይነት አትክፈቱ። እነዚህ ወደፊት አይተው ስለሚሠሩ የራሳቸውን መዘግየት ይጨምራሉ፤ እሱን መዘግየት በፈር በመቀነስ አታስወግዱትም።

«በፈር ሲጨምር የድምፅ ጥራት ይቀንሳል»

አይቀንስም። በ64 የተቀረጸና በ1024 የተቀረጸ ድምፅ የጥራት ልዩነት የላቸውም። የሚለወጠው ዘፋኙ ራሱን በሄድፎን እስኪሰማ ያለው መዘግየት ነው። ፋይሉም ቢሆን ዘግይቶ አይቀመጥም፤ ሶፍትዌሩ ድራይቨሩ የነገረውን መዘግየት ቀንሶ ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ስትቀርጹ 128 ወይም 256፣ ሚክስ ስታደርጉ (የተቀረጹትን ትራኮች ስታመጣጥኑ) 1024። ሳውንድ ካርዳችሁ ዳይሬክት ሞኒተር ካለው ደግሞ ዘፋኙ ራሱን በቀጥታ ከካርዱ ስለሚሰማ ስትቀርጹም በትልቅ በፈር መሥራት ትችላላችሁ። ሚክስ እያደረጉ በፈሩን 64 ላይ ትተው «ኮምፒውተሬ አልቻለም» የሚሉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ፣ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

«አሲዮ ፎር ኦል ከሁሉም ይሻላል»

አሲዮ የሙዚቃ ሶፍትዌር ከሳውንድ ካርድ ጋር በትንሽ መዘግየት የሚነጋገርበት የዊንዶውስ ድራይቨር ዓይነት ነው። አሲዮ ፎር ኦል የራሱ አሲዮ ድራይቨር ለሌለው ካርድ፣ ለላፕቶፑ ለራሱ ድምፅ ይጠቅማል። የሚሠራው ግን በዊንዶውስ የተለመደ ድራይቨር ላይ ተደርቦ ነው። ሳውንድ ካርድ ከገዛችሁ የአምራቹን አሲዮ ድራይቨር ጫኑና እሱን ምረጡ።

«96,000 ላይ መቅረጽ ፕሮፌሽናል ነው»

በሰከንድ የሚሰላው ሳምፕል ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ስለዚህ ለአንዱ ቁራጭ ያለው ጊዜ ከግማሽ በታች ይወርዳል። 256 በፈር በ44,100 5.8 ሚሊሰከንድ ሲሆን በ96,000 ወደ 2.7 ይወርዳል። መደበኛ ቮካልና ጊታር ለሚቀርጽ ሰው 44,100 ወይም 48,000 ከበቂ በላይ ነው።

«መብራት ቢጠፋም ባትሪ አለኝ፣ ልዩነት የለውም»

አለው። አብዛኛው ላፕቶፕ ከቻርጀር ሲነቀል ባትሪ ለመቆጠብ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱ የሚሠራ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ጠዋት ንጹሕ የነበረ ፕሮጀክት መብራት ሲሄድ የሚንጣጣው ለዚህ ነው። ፓወር ፕላኑን ሃይ ፐርፎርማንስ አድርጉ፣ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድን (ሥራ የፈታ የዩኤስቢ ዕቃን የሚያስተኛውን) አጥፉ። የአቧራው ነገርም ቀላል አይደለም። ፋኑ ሲደፈን ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዓመት ሙሉ ያልተጠረገ ላፕቶፕ ይዛችሁ አዲስ ከመጠየቃችሁ በፊት አስጠርጉት።

«የተበላሸ ድምፅ ሁሉ የፕሮሰሰር ችግር ነው»

ዘፋኟ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ብቻ የሚሰነጠቅ ከሆነ የጌይን (ከማይኩ የሚገባው ድምፅ የሚጎላበት መጠን) ችግር ነው፤ ሳውንድ ካርዱ ላይ ጌይኑን ቀንሱና ከፍተኛው ድምፅ ማይነስ 12 ዲቢ አካባቢ እንዲቆም አድርጉ። ፈጥኖና ቀጥኖ የሚሰማ ከሆነ ሳምፕል ሬቱ አልተስማማም ማለት ነው። በ44,100 የተቀረጸ በ48,000 ሲጫወት ወደ አንድ ተኩል ሰሚቶን ከፍ ይላል።

«ኤክስፖርት ሲደረግ ይጠፋል»

ብዙ ሥራ ያበላሸው ይህ ግማሽ እውነት ነው። ስታጫውቱ ብቻ የሚሰማ ጠቅታ በርግጥ ኤክስፖርት ላይ አይኖርም፤ ያኔ ፕሮሰሰሩ የሚያጣድፈው ስለሌለ የፈለገውን ያህል ጊዜ ወስዶ ያሰላል። እየቀረጻችሁ ሳለ የተፈጠረው ግን ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፣ የትም አይሄድም። መለየቱ ቀላል ነው። ቦታውን ደጋግማችሁ አጫውቱ። ጠቅታው ቦታ ከቀየረ የማጫወት ችግር ነው። ሁልጊዜ እዚያው ቃል ላይ ከሆነ ትራኩን ሶሎ (ብቻውን እንዲሰማ) አድርጋችሁ ዌቭፎርሙን፣ የድምፁን ሥዕል፣ እስኪበቃችሁ አጉሉት፤ መስመሩ በድንገት ቀጥ ብሎ ሲዘል ወይም ለቅጽበት ተቋርጦ ሲቀጥል ታዩታላችሁ። እንዲህ ያለውን መልሶ መቅረጽ ይሻላል። ስለዚህ ዘፋኙ ከመሄዱ በፊት እያንዳንዱን ቴክ (አንድ ጊዜ የተቀረጸውን) ብቻውን በሄድፎን አዳምጡ። ከሄደ በኋላ ያንኑ ስሜት ደግሞ ማግኘት ከባድ ነው።

ምክር ስትጠይቁም የላፕቶፑን ሞዴል ብቻ አትላኩልኝ። በፈሩ ስንት ነው፣ ሳምፕል ሬቱ ስንት ነው፣ የመረጣችሁት ድራይቨር የቱ ነው፣ ቻርጀር ላይ ነው ወይስ ባትሪ ላይ፣ ጠቅታው ቦታ ይቀይራል ወይስ አይቀይርም፣ ሌተንሲሞን አናት ላይ የማንን ስም ጻፈ፤ እነዚህን ይዛችሁ ኑ።