ክላሲካል ክርስቲያናዊ ትምህርት ምንድን ነው?

ክላሲካል ክርስቲያናዊ ትምህርት የአንድ የትምህርት ዓይነት ስም አይደለም። ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ቋንቋና ኅብረተሰብ እዚያም አሉ። የሚለየው እነዚህን በምን ቅደም ተከተልና ለምን ዓላማ እንደሚያስተምር ነው። ልጁ መጀመሪያ ቃሉንና ነገሩን ይይዛል፤ ቀጥሎ የያዘውን መመርመርና ማያያዝ ይለምዳል፤ በመጨረሻ የመረመረውን አሳምሮ መናገርና መጻፍ ይማራል። ዓላማው ደግሞ ፈተና የሚያልፍ ብቻ ሳይሆን እውነትን ለይቶ የሚያውቅና የሚወድ ሰው ማውጣት ነው።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። በጥንቱ ዓለም የነጻ ሰው ትምህርት የሚባሉ ሰባት ጥበቦች ነበሩ። ሦስቱ የቃል ናቸው፦ ሰዋስው፣ አመክንዮ (ሎጂክ) እና ሪቶሪክ፣ ማለትም የንግግር ጥበብ። ሦስቱ አንድ ላይ ትሪቪየም ይባላሉ፤ በላቲን የሦስት መንገድ መገናኛ ማለት ነው። ኳድሪቪየም የሚባሉት አራቱ የቁጥር ናቸው፦ አርትሜቲክ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ። ክርስቲያኖች ይህን ከግሪክና ከሮም ሲወርሱ እንዳለ አልተቀበሉትም፣ አልጣሉትምም። አውግስጢኖስ (354–430) ራሱ በካርቴጅ፣ በሮምና በሚላኖ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። በቅዳሴው የምናውቀው ባስልዮስ ደግሞ ወጣቶች የግሪክን መጻሕፍት እንደ ንብ እንዲያነቡ መክሯል፤ ንብ ሁሉም አበባ ላይ አታርፍም፣ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ትወስዳለች።

ዛሬ ትምህርት ቤቶች የሚከተሉት መልክ ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ዕድሜ አለው። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ዶሮቲ ሴየርስ በ1947 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ ባደረገችው ንግግር ሦስቱን የቃል ጥበቦች ከልጅ ዕድገት ጋር አያያዘቻቸው፦ ትንሹ ልጅ መድገም ይወዳል፣ ከፍ ሲል መከራከር ይወዳል፣ ጎረምሳው ራሱን መግለጽ ይፈልጋል። በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት፣ ሞስኮ በምትባል ከተማ የተከፈተው ሎጎስ የተባለ ትምህርት ቤት ይህን በተግባር ካዋሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ስለዚህ «ከ1ኛ እስከ 5ኛ ሰዋስው፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ አመክንዮ፣ ከዚያ በላይ ሪቶሪክ» የሚለው ክፍፍል ለአሠራር የሚመች አዲስ መሰላል እንጂ ጥንታዊ ሕግ አይደለም። የ2ኛ ክፍል ልጅ «ለምን?» ሲል «ገና ነው» የሚለው መምህር ሐሳቡ አልገባውም።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሰዋስው የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። የአብነቱ ተማሪ በንባብ ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ 150 መዝሙረ ዳዊት ደግሞ ይወጣል። በቅኔ ቤት ግሥ ያወርዳል፣ አገባብ ይማራል፤ ከዚያም ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቆጥርና ደረጃ በደረጃ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። በመጻሕፍት ቤት ደግሞ አንዱን ኃይለ ቃል በአንድምታ በብዙ መንገድ ይፈታዋል። መያዝ፣ መመርመር፣ መግለጥ፦ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ዋናውን ነገር የሚያሳየውም ቅኔ ቤት ነው። የያዘውን ብቻ የሚደግም ተማሪ እዚያ አያልፍም፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበትና።

በቃል መያዝና ሽምደዳ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሽምደዳ ለፈተና ተይዞ በማግስቱ የሚለቀቅ ነው። በቃል መያዝ ግን ለዓመታት የሚቆይና በኋላ ማሰቢያ የሚሆን ስንቅ ነው። በአሠራርም ይለያያሉ። ለታችኛው ክፍል በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፦ 5 ደቂቃ ለአዲሱ፣ 10 ደቂቃ ለቆየው። ብዙ መምህራን ይህን ይገለብጡታል፤ በየቀኑ አዲስ ይጭኑና በኅዳር የተያዘው በጥር የለም። የሚያዘውም መመረጥ አለበት፦ መዝሙር 23፣ የማባዣ ሠንጠረዥ፣ የነገሥታት ቅደም ተከተል፣ ግጥም፣ ተረትና ምሳሌ። አዳማ ላይ ብዙ ልጅ ቤቱ አፋን ኦሮሞ እየተናገረ መንገድ ላይ አማርኛ ስለሚሰማ፣ የኦሮሞ ማማክሳ (ምሳሌያዊ አነጋገር) እዚህ ውስጥ መግባቱ ግድ ነው። ልጁ የማይገባውን እንግሊዝኛ እንዲያነበንብ ማድረግ ግን ይህን ደረጃ ከመነሻው ያበላሸዋል። ሰዋስው የሚጀመረው ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ነው።

ስለ ላቲን ብዙ ይጠየቃል። በምዕራቡ ዓለም የሚሰጠው የእነርሱ ቋንቋና መጻሕፍት ሥር ስለሆነ ነው። እዚህ ያንን ቦታ የሚይዘው ግዕዝ ነው ብለን እናምናለን፤ ያውም ለኦርቶዶክስ ልጅ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ በአክሱም ዘመን የተተረጎመበት ቋንቋ ነው፤ ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም በአማርኛ ሲጸልይ የሚጠቀምባቸው ጸጋ፣ ትንሣኤ፣ ወንጌል፣ ጽድቅ የሚሉት ቃላት በእርሱ በኩል የመጡ ናቸው። ጸሐፈ የሚለውን አንድ ግሥ የያዘ ልጅ መጽሐፍን፣ ጸሐፊን፣ ጽሕፈትንና ጽሑፍን በአንድ ጊዜ ያገኛል። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለመጀመር ይበቃል።

ሁለተኛው ደረጃ አመክንዮ ነው። ምሳሌው ከሰፈር ይምጣ፦ «ባጃጅ ሁሉ ሦስት ጎማ አለው፤ ይህ ሦስት ጎማ አለው፤ ስለዚህ ይህ ባጃጅ ነው።» የ7ኛ ክፍል ልጅ ድምዳሜው ስሕተት መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ የታናሽ እኅቱ ሦስት ጎማ ያላት ብስክሌት ባጃጅ አይደለችማ። ሥራው ለምን ስሕተት እንደሆነ መናገር ነው፦ «ባጃጅ ሁሉ» ተባለ እንጂ «ሦስት ጎማ ያለው ሁሉ» አልተባለም። ከዚህ ቀጥሎ ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን መዝለፍን፣ ከአንድ አጋጣሚ ተነሥቶ ስለ ሁሉም መፍረድን፣ የሚያስፈራ ወሬን ማስረጃ ማድረግን ለይቶ በስም መጥራት ይማራል።

ሦስተኛው ደረጃ በአንድ ጊዜ «ድርሰት ጻፍ» ተብሎ አይጀመርም። የጥንት መምህራን ከተረት ተነሥተው ስለ ሕግ እስከ መከራከር የሚደርሱ 14 መልመጃዎች ትተዋል። ልጁ አንድ ተረት ይሰማና በአራት ዓረፍተ ነገር ያሳጥረዋል፤ ከዚያ ንግግር ጨምሮ ያረዝመዋል፤ ከዚያ ከመጨረሻው ጀምሮ ይተርከዋል። ወደ ምሳሌያዊ አነጋገር ሲያልፍ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይሰጠዋል። በራሱ ቃል ይፈታዋል፣ ምክንያቱን ያስረዳል፣ ድሩ ባያብር ምን እንደሚሆን ያሳያል፣ ከዕቁብ ወይም ከእድር ማስረጃ ያመጣል፣ በሦስት የተገመደ ገመድ ፈጥኖ እንደማይበጠስ የሚናገረውን መክብብ 4፥12 ምስክር ያደርጋል። ይህን በየደረጃው የሠራ ተማሪ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ባዶ ወረቀት አያስፈራውም።

ክርስቲያናዊነቱስ? የጠዋት ጸሎትና አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍለ ጊዜ መጨመር አይደለም። መነሻው «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» የሚለው ነው፦ ዓለም በአንድ ቃል ከተፈጠረ ሒሳቡም ታሪኩም ዜማውም እርስ በርሱ መያያዝ አለበት። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ ይህን በ6ኛ ክፍል ሒሳብ ያሳያል። ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ በስሌቱ መንገድ ላይ የሚገኙ ቁጥሮች ስም ናቸው። 2018 ዓ.ም.ን ውሰዱ። ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረው 5500 ሲደመርበት 7518፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልመጡ ስሌቱ ተሳስቷል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ የዚያ ዓመት መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ጭማሪ) 7 ሲጨመር 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፤ 69 ቀን ሲታከልበት ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ላይ ይውላል። ቀሪ ያለው ማካፈል፣ የጨረቃ ዑደትና በዓል በአንድ ሰሌዳ ላይ ተገናኙ።

ሐሳቡ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ነው። አሁን ባለው የ6–2–4 አደረጃጀት መካከለኛው ደረጃ ሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም እዚያው ይወድቃል። ውይይቱ ይቀርና የፈተና ወረቀት መፍታት ይተካዋል። መፍትሔው አመክንዮን ከ6ኛ ክፍል አጋማሽ መጀመር ነው። ሌላው የተማሪ ብዛት ነው፤ 50 ልጅ ባለበት ክፍል እውነተኛ ውይይት አይካሄድም። 12 ልጆች በክብ ተቀምጠው ይከራከሩ፣ ቀሪዎቹ በዙሪያቸው ሆነው የእያንዳንዱን መከራከሪያ ይጻፉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይቀያየሩ። ሦስተኛው ጥፋት መጻሕፍቱን ከውጭ እንዳሉ ማምጣት ነው፤ ልጁ የሮምን ቄሳሮች ቆጥሮ የአክሱሙን ንጉሥ ካሌብን አያውቅም።

አዳማ ውስጥ በዚህ ስም የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለመጎብኘት የምትሄዱ ወላጆች፣ የመዋዕለ ሕፃናቱን ዝማሬ ሰምታችሁ አትመለሱ፤ መድገም በየትኛውም ትምህርት ቤት ያምራል። አንድ ሙሉ የ7ኛ ክፍል ክፍለ ጊዜ ለመቀመጥ ፍቀዱልን በሉ። ተማሪዎቹ ስንት ጊዜ «ለምን» እንዳሉና መምህሩ ምን እንደመለሰ ቁጠሩ። ከዚያ የአንዱን ልጅ ደብተር ጠይቁ፤ ከሰሌዳ የተገለበጠ እንጂ ልጁ ራሱ ያሰበው ዓረፍተ ነገር ከሌለበት ለምዝገባ አትቸኩሉ።