«ለሁለታችን አንድ ይበቃናል»፦ ወፍ ለማየት ወደ ውጭ የሚሄዱ ጥንዶች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ለትዳር ይሁን፤ ለወፍ ጉዞ ግን አይሠራም። በአስጎብኚ እየተመሩ ወፍ ሊያዩ ሌላ አገር የሚሄዱ ጥንዶች የሚሠሩት ስህተት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው ሁለት ሰው መሆናቸውን ከመርሳት ነው። አንድ ባይኖኩላር (የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ የሁለት ዓይን መነጽር)፣ አንድ ያዩት ወፍ ዝርዝር፣ አንድ ጤና ያላቸው ይመስል ይዘጋጃሉ።

«አንድ ጥሩ ባይኖኩላር ይበቃል፤ እየተቀባበልን እናያለን።»

አይበቃም። ይህን ደጋግሞ መስማት ያሰለቻል። ለአውሮፕላን፣ ለማረፊያና ለአስጎብኚ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለ ሰው መቆጠብ የሚጀምረው የመጣበትን ነገር የሚያይበት ዕቃ ላይ ሲደርስ ነው። በጫካ ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍ ከቅጠል ወጥታ የምትታየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ባልየው አይቶ «እንኪ» ሲል የሚሆነውን ተራ በተራ እንቁጠር። መጀመሪያ ማንጠልጠያው ከአንገቱ ይወጣል። ቀጥሎ ሚስትየዋ የሁለቱን ቱቦዎች ስፋት ለዓይኗ ታስተካክላለች፤ በሁለት ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል፤ አብዛኞቹ ባይኖኩላሮች ከ56 እስከ 74 ሚሊ ሜትር ድረስ የሚሰፉትና የሚጠቡት ለዚሁ ነው። መነጽር የምታደርግ ከሆነ የዓይን ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ትመልሳለች። ከዚያ ዳዮፕተር የሚባለው፣ የግራና የቀኝ ዓይንን ልዩነት የሚያቻችለው ቀለበት አለ፤ እሱ የቆመው በባልየው ዓይን ልክ ነው። በመጨረሻ ፎከስ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ቅርንጫፉ ባዶ ነው። በዚህ መካከል ሌላ ወፍ ብቅ ካለ ደግሞ ባዶ እጁን የቆመው እሱ ነው።

ለአንድ ውድ ዕቃ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለሁለት ከፍላችሁ ሁለት መካከለኛ ግዙ። በውዱና በመካከለኛው መካከል የምስል ልዩነት መኖሩ አይካድም፤ በተለይ ንጋትና ምሽት ላይ ይታያል። ቢሆንም በሰው አንገት ላይ የተንጠለጠለ ውድ ባይኖኩላር ለእናንተ ምንም አያሳያችሁም።

ስትገዙም «የሚያጎላው ይሻላል» በሚለው አትሸነፉ። 8 በ42 ሲባል 8 ማጉላቱ፣ 42 የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ማጉላቱ ወደ 10 ሲወጣ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፣ በአንዴ የሚታየው ስፍራ ይጠብባል፣ ወፏን ማግኘትም ይከብዳል። ብርሃኑም ይቀንሳል፤ 42 ለ8 ሲካፈል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለ10 ሲካፈል ግን 4.2 ብቻ። ለጫካ 8፣ ለሐይቅ ዳርና ለገላጣ ሜዳ 10 ይስማማል። ከሁለታችሁ አንገቱን ወይም ትከሻውን የሚያመው ካለ 8 በ32 ይያዝ፤ ከ42ቱ በግልጽ ይቀላል። በአንገት የሚንጠለጠለውን ቀጭን ጠፍርም አውጥታችሁ በሁለቱ ትከሻ የሚታሰረውን አድርጉ።

ከቤት ሳትወጡ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን አስተካክሉ። 20 ወይም 30 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጽሑፍ ምረጡ። የቀኙን ሌንስ በእጅ ሸፍናችሁ በግራ ዓይን ብቻ እያያችሁ በመካከለኛው መዘውር አጥሩት። ከዚያ ግራውን ሸፍኑ፤ መዘውሩን ሳትነኩ የዳዮፕተሩን ቀለበት ብቻ (ብዙውን ጊዜ በቀኙ ዓይን በኩል ነው) እያዞራችሁ አጥሩት። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አስታውሱ። የገዛችሁት ተመሳሳይ ሞዴል ከሆነ በአንዱ ላይ ባለ ቀለም ቴፕ ለጥፉ፤ ከተለዋወጡ ሁለታችሁም ራስ ምታት ይዛችሁ ሌንሱን ስትረግሙ ትውላላችሁ። ቀጥሎ ልምምድ ነው፦ ዓይን ከወፏ ላይ ሳይነሳ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይን ማምጣት። ወደ ታች አይቶ ዕቃውን አንስቶ እንደገና የሚፈልግ ሰው ወፏን ያጣታል። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አሥር ደቂቃ ደጅ ባሉ ወፎች ላይ ሞክሩት።

«ባይኖኩላሩ ደፈረሰ፤ ውኃ ገብቶታል።» ምናልባት ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ እርጥብ ሙቀት አውጥታችሁት ይሆናል። ናይትሮጅን የተሞላበት ዕቃ ከውስጥ እንጂ ከውጭ ጤዛ አይከላከልም። ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል አታሳድሩት፤ ካሳደራችሁት ከመነሳታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ አውጡት። በሸሚዝ አትወልውሉት፤ መጀመሪያ አቧራው በብሩሽ ይነሳ። ዲት (DEET) የሚባለው ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ ደግሞ ፕላስቲክና ጎማ ስለሚያበላሽ ተቀብታችሁ ስታበቁ መዳፋችሁን ታጠቡ።

«የተነገረን ዋጋ የሁለታችን ነው።» የአንዳችሁ ነው፤ ያውም አንድ ክፍል ለሁለት ትጋራላችሁ ተብሎ። ብዙውን ጊዜ የውጭ በረራ፣ ቪዛ፣ ኢንሹራንስ፣ መጠጥና ጉርሻ አይጨምርም። አንድ ትልቅ አልጋ ወይም ሁለት አልጋ እንደምትፈልጉም በጽሑፍ አሳውቁ፤ የጫካ ማረፊያዎች ክፍል ጥቂት ነው፣ ማታ ደርሶ መለወጥ አይቻልም።

«አንዳችን ወፍ ባንወድም ችግር የለም፤ እዚያ ስንደርስ እንወደዋለን።»

ይህ ደግሞ ብዙ ጉዞ የሚያበላሸው ሁለተኛው ነው። የወፍ ጉዞ ከሌላ ጉብኝት ጋር አይመሳሰልም። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱትና የሚዘምሩት ከንጋት ጀምሮ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ዛፍ ሥር ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም አለ። ለአንዱ ደስታ የሆነው ለሌላው ቅጣት ነው፤ በቡድን መካከል ሆኖ ደግሞ «እንሂድ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ በየማረፊያው ስንት ሌሊት ይታደራል? (ከሁለት ሌሊት በታች ከሆነ ለማይወደው ሰው ከባድ ነው፤ ሻንጣ ማሰርና መፍታት ይሆናል።) አንዱ ጠዋት ቀርቶ ማረፍ ይችላል ወይስ መኪናው ሁሉንም ይዞ ነው የሚንቀሳቀስ? በማረፊያው ግቢ ለወፎች ምግብ የሚቀመጥበት ስፍራ አለ? የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ሐሩር አገሮች፣ ለምሳሌ ኢኳዶርና ኮስታሪካ፣ በዚህ ይመቻሉ፤ ሃሚንግበርድ የሚባሉት ትንንሽ ወፎች በረንዳ ድረስ ይመጣሉ፣ ጫካ ያልገባውም ተቀምጦ ያያል። አቅም ካለ ለሁለታችሁ ብቻ የሚመደብ አስጎብኚ ውሰዱ፤ ፍጥነቱን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

«እግራችን ጠንካራ ስለሆነ ዝግጁ ነን።» የሚጠይቀው እግር ሳይሆን ወገብና አንገት ነው። በጫካ መንገድ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ላይኬድ ይችላል። ታጣፊ በርጩማ ያዙ።

«ጤነኛ ሰው ከፍታ አይጎዳውም።» ስህተት ነው፣ አደገኛም ነው። የከፍታ ሕመም ስፖርተኛውን ጥሎ ደካማውን ሊተው ይችላል፤ ከጥንዶቹም አንዱን ብቻ ሊይዝ ይችላል። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ራሷ 2,850 ሜትር ላይ ናት፤ በአንዲስ ተራሮች ወፍ የሚታይባቸው ስፍራዎች ደግሞ ከ4,000 በላይ ይወጣሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው ሌላው እንዳይከፋው ብሎ ዝም ማለት የለበትም፤ ካልተሻለው መውረድ ነው።

«ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ) ለአንዳችን ካለ ይታለፋል።» አይታለፍም። ካርዱ በስም ነው፤ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 ሐምሌ ወዲህ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዕድሜው ከ60 በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

«አስጎብኚ ካለ ማጥናት አያስፈልግም።» አስጎብኚው «በስተቀኝ ካለው ደረቅ ዛፍ፣ በ2 ሰዓት» ሲል የት እንደሚያሳይ የማያውቅ ሰው ሌሎቹ አይተው ሲጨርሱ ይደርሳል። ዛፉን እንደ ሰዓት ፊት አስቡት፤ 12 ጫፉ፣ 3 የቀኙ ጎን፣ 6 ሥሩ ነው። በጀልባና በመኪና ላይ ግን 12 የሚባለው የፊተኛው አቅጣጫ ነው። የአካባቢውን ወፎች ሁሉ ማጥናት አይቻልም፤ ኢኳዶር ብቻዋን ከ1,600 በላይ ዝርያ አላት። ቤተሰቦቹን ለዩ፤ ሃያ ሠላሳ የተለመዱትን አጥኑ። ሜርሊን የተባለውን ወፍ የሚለይ የስልክ መተግበሪያና የምትሄዱበትን ክልል ጥቅል ከመነሳታችሁ በፊት አውርዱ፤ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ሲሳሳትም ስለሚገኝ «ስልኬ እንዲህ አለ» ብላችሁ ከአስጎብኚው ጋር አትከራከሩ።

«ቴሌስኮፕ መያዝ አለብን።» አስጎብኚው ብዙ ጊዜ ይዟል። ሲያሳያችሁ ቱቦውን አትያዙ፤ መጀመሪያ ሁሉም ለአፍታ ይይ፣ ከዚያ ማን ረዘም እንደሚል ይታያል። ቁመታችሁ ከተራራቀ የቴሌስኮፑ መቆሚያ በአጭሩ ሰው ልክ እንዲቆም ጠይቁ፤ ረጅሙ ማጎንበስ ይችላል፣ አጭሩ ግን መርዘም አይችልም።

«እሱ ካየው እኔም አይቼዋለሁ።» አላየሽውም። ያዩትን ወፍ በሚመዘግቡበት ድረ ገጽ፣ በኢበርድ (eBird)፣ ለየራሳችሁ አካውንት ክፈቱ፤ አንዱ የመዘገበውን ለሌላው ማጋራት ይቻላል፣ ሌላው ያላየውን ከራሱ ቅጂ ላይ ይሰርዛል።

«ነጭ ልብስ ለሙቀት ጥሩ ነው።» ከሩቅ ያሳያችኋል። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልበሱ፤ ፄፄ ዝንብ ባለበት የአፍሪካ ክፍል ሰማያዊና ጥቁር ዝንቡን ስለሚስብ አትልበሱ።

«ወፏ እስክትወጣ አስጎብኚው የተቀዳ ድምፅዋን ያጫውትልን።» አንዴ ሁለቴ ካልመጣች ይበቃል። የተቀዳውን ድምፅ የግዛቷ ተቀናቃኝ አድርጋ ስለምትሰማው ጫጩት መመገቧን ትታ ልትከላከል ትወጣለች። በአንዳንድ ጥብቅ ስፍራዎች ጭራሹን ክልክል ነው።

«ሻንጣ እንካፈላለን።» በሌላ መንገድ ተካፈሉ፦ የእያንዳንዳችሁን ልብስ ግማሽ በሌላው ሻንጣ ውስጥ ክተቱ፤ አንዱ ቢጠፋ ሁለታችሁም የምትለብሱት አላችሁ። ባይኖኩላር፣ መድኃኒትና ትርፍ ባትሪ ግን በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው። በሳፋሪ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ የተለመደው ገደብ ለአንድ ሰው የእጁን ጨምሮ 15 ኪሎ ነው፤ ጠንካራ ሻንጣም አይቀበሉም። የጉዞ ኢንሹራንሱን ውል ስታነቡ አንዱ ቢታመምና ሌላውም አብሮ ቢመለስ የሁለተኛው ወጪ ይሸፈን እንደሆነ እዩ።

«ጉርሻው ለአስጎብኚው ነው።» ሹፌሩም አለ፤ በየማረፊያው የሚቀያየረው የአካባቢው ወፍ አሳዪም አለ። በየስማቸው ለየብቻ ፖስታ አድርጋችሁ ስጡ፤ ለአንዱ ሰጥቶ «ተካፈሉ» ማለት የለም።