ፖፕ ጎርጎርዮስ ያልደረሱት ዜማ፦ ስለ ላቲን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የምንሰማቸው ስህተቶች

ዩቲዩብ ላይ «ግሪጎሪያን ቻንት» (የላቲኑ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚጠራበት ስም ነው) ብላችሁ ፈልጉ። የሦስት ሰዓት የእንቅልፍ ሙዚቃ፣ ሻማ፣ ጭጋግ የዋጠው ገዳም ይመጣላችኋል። ከስሩ የሚጻፈው ማብራሪያም ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ አንድ ፖፕ ደረሱት፣ ሮም ውስጥ ተጻፈ፣ ሳይለወጥ እኛ ጋ ደረሰ። ሦስቱም ልክ አይደሉም። ይህን የሚያጋልጡት ደግሞ ራሳቸው የዜማ መጻሕፍቱ ናቸው፤ ማን ጻፋቸው፣ መቼ፣ ለማን ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የደረሱት ፖፕ ጎርጎርዮስ ናቸው»

መጀመሪያ ሁለቱን ጎርጎርዮሶች እንለያቸው። «የጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር» ስንል የምናነሳቸው ጎርጎርዮስ 13ኛ ናቸው፤ የቀን መቁጠሪያውን በ1582 ያሻሻሉት። ዜማው የተሰየመው ግን ከ590 እስከ 604 በነበሩት በጎርጎርዮስ 1ኛ ነው። መካከላቸው ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ አለ።

አንደኛው ጎርጎርዮስ ዜማ ስለመድረሳቸው በዘመናቸው የተጻፈ ማስረጃ የለም። ከእሳቸው ዘመን የተረፈ የዜማ መጽሐፍም የለም። እንዲያውም በ595 ሮም ላይ በተደረገ ሲኖዶስ ዲያቆናት በቅዳሴ እንዳያዜሙ ከልክለዋል፤ ወንጌሉን ያንብቡ፣ ዜማውን ከነሱ በታች ላሉት ይተዉ ብለው። ምክንያቱ ትንሽ ያስቃል። ሰው በምግባሩ ሳይሆን በድምፁ ማማር እየተመረጠ ዲያቆን መሆኑ አስቸግሯቸው ነው። የዓለም ትልቁ የዜማ ደራሲ ተብለው የሚጠሩት እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ።

ስማቸው ከዜማ ጋር ተጣብቆ የምናገኘው በ800 ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ የተጻፉ አንዳንድ መጻሕፍት «ይህን ጎርጎርዮስ አዘጋጀው» በሚል መግቢያ ይጀምራሉ። በ870ዎቹ ደግሞ ዲያቆኑ ዮሐንስ የሚባል የሮም ሰው ታሪካቸውን ሲጽፍ ነገሩን አጠነከረው፤ የዜማ መጽሐፍ አጠናቀሩ፣ የመዘምራን ትምህርት ቤት አቋቋሙ አለ። እሳቸው ካረፉ ከ260 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። ዜማውን በጆሯቸው አንሾካሾከችላቸው የምትባለው የአፈ ታሪክ ርግብም በመጀመሪያ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ሲጽፉ የታየች ተብላ ነው የተተረከችው። ወደ ዜማው የተዛወረችው ኋላ ነው። ስዊዘርላንድ፣ ሳንክት ጋለን ገዳም ውስጥ ሃርትከር የሚባል መነኩሴ በ1000 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ሥዕሉ አለ፦ ፖፑ ተቀምጠዋል፣ ርግቧ ጆሯቸው ጋ ናት፣ ጸሐፊው የሚሉትን ይጽፋል። የቅዱስ ያሬድን ሦስት ወፎች እየሰማ ላደገ ሰው እንግዳ ሥዕል አይደለም።

«ታዲያ የሮም ዜማ ነው»

በከፊል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ታሪክ ይሄ ነው።

በ754 ፖፕ እስጢፋኖስ 2ኛ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ፍራንኮች ሀገር (የዛሬው ፈረንሳይና አካባቢው) ሄደው ንጉሥ ፔፒንን ቀቡ። ፔፒንና ከሱ በኋላ ልጁ ሻርለማኝ ግዛታቸው በሙሉ እንደ ሮም እንዲያዜም ፈለጉ። ግን እንዴት? የዜማ ምልክት ገና አልነበረም። ሰው ወደ ሮም ይላካል፣ የሮም ዘማሪ ይመጣል፣ በቃል ይጠናል። ፍራንኮቹ ደግሞ የራሳቸው ለዛ ስለነበራቸው የተማሩትን እንዳለ አልያዙትም። ከሁለቱ የተቀላቀለው ነው ዛሬ «ግሪጎሪያን» የምንለው።

ሮማውያኑና የሰሜን ሰዎች ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ለመጫን ያደረጉት ሽኩቻ እስከ ዛሬ ይነበባል። ዲያቆኑ ዮሐንስ የአልፕስ ማዶ ሰዎች ጉሮሯቸው በመጠጥ የሻከረ ስለሆነ ለስላሳውን ዜማ አበላሹት ይላል፤ ድምፃቸውን ደረጃ ላይ እየተንኳኳ ከሚወርድ ጋሪ ጋር እስከማመሳሰል ይደርሳል። የሳንክት ጋለኑ ኖትከር ደግሞ በተቃራኒው ይከሳል፤ ሮማውያኑ አስተማሪዎች በቅናት ሆን ብለው እያንዳንዳቸው የተለያየ ነገር አስተማሩ ባይ ነው። ሁለቱም የተስማሙበት ነገር ቢኖር የሁለቱ ወገን ዜማ አለመመሳሰሉ ነው።

ሮም ራሷ ምን ታዜም እንደነበር የምናውቀው ከአምስት መጻሕፍት ነው፤ ሦስቱ የቅዳሴ፣ ሁለቱ የሰዓታት ጸሎት። የመጀመሪያው በ1071 ትራስቴቬሬ በሚባለው የሮም ሰፈር ለሚገኘው ለሳንታ ቼቺሊያ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ ነው። ቃሉ በአብዛኛው ያው ሆኖ ዜማው ሌላ ነው። ከዚያ የሆነውን እዩ፦ የተደባለቀው ዜማ ከሰሜን ተመልሶ ሮም ገባና በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሮምን የራሷን ዜማ ከቦታው አስለቀቀው። የሮም ነው የተባለው ዜማ ሮምን ድል ነሳ።

«በላቲን ከተዜመ ሁሉም ግሪጎሪያን ነው»

አይደለም። ሚላኖ የአምብሮስ የሚባል የራሷ ዜማ አላት፤ እስከ ዛሬ ይዜማል። ደቡብ ጣሊያን የቤኔቬንቶ ዜማ ነበር። ስፔን ደግሞ ሞዛራቢክ የሚባል ሥርዓት ነበራት፤ በ1080 ቡርጎስ ላይ በተደረገ ጉባኤ የሮም ሥርዓት ቦታውን ያዘ። የስፔኗ የሊዮን ከተማ ካቴድራል ትልቁ የዜማ መጽሐፍ ግን አለ፤ ከዳር እስከ ዳር በሚያምር ምልክት ተሞልቶ። ችግሩ ምልክቱ ድምፁ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል አይናገርም፣ የሚያውቁት ሰዎችም የሉም። መጽሐፉ በእጃችን አለ፣ ዜማው ግን ጠፍቷል። ማንበብ የተቻለው ከዚያ ሥርዓት ጥቂት ዜማ ብቻ ነው።

«ምልክቱን ያየ ያዜመዋል»

የዘንድሮ ሰው ኖታ ሲያይ ከወረቀቱ ላይ የሚዜም ይመስለዋል። የጥንቱ መጽሐፍ ግን የተጻፈው ዜማውን አስቀድሞ በቃሉ ለያዘ ሰው ነው።

ሳንክት ጋለን ውስጥ ቁጥር 359 የሚባለውን ብራና ውሰዱ። በ920ዎቹ አካባቢ የተጻፈ ነው። ጠባብና ረጅም ነው፣ ሽፋኑ ላይ የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ አለ። ካንታቶሪዩም ይባላል። የመሪው መጽሐፍ ነው፤ መሪው ለብቻው የሚያዜመውን ክፍል በዋናነት ይዟል። ከቃላቱ በላይ ኒውም የሚባሉ ጭረቶችና ቅርንጫፎች አሉ። መስመር የለም። ጭረቶቹ ድምፁ ወጣ ወይም ወረደ ይላሉ እንጂ ከየት ተነስቶ እስከ የት አይሉም። አጠገባቸው ግን ትናንሽ የላቲን ፊደላት ታያላችሁ፦ አንዷ ቶሎ በል፣ ሌላዋ ያዝ አድርግ፣ ሌላዋ ከፍ በል ትላለች። ስለዚህ የድምፁን ልክ የማይነግራችሁ መጽሐፍ የትኛውን ድምፅ ማዘግየት እንዳለባችሁ በዝርዝር ይነግራችኋል። እንደዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ የሚጠቅመው የኛን ምልክት በድጓ ላይ እንደሚያነብ ደብተራ ዜማውን ቀድሞ ለተማረ ሰው ነው።

የማያውቀውን ዜማ ከመጽሐፍ ማንበብ የተቻለው በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሬዞው ጊዶ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ መስመሮቹን በቀለምና በፊደል ለይቶ ካሰናዳ በኋላ ነው። ትርፍ አገኘን፣ የሚጠፋም ጠፋ። መስመሩ የድምፁን ከፍታ አስቀመጠ፤ «ቶሎ በል፣ ያዝ አድርግ» የሚሉት ፊደላት ግን ቀስ በቀስ ቀሩ።

«አንድ መጽሐፍ ነው፣ ዜማውም አንድ ዓይነት ነው»

የቅዳሴው መጽሐፍ ግራዱዋሌ ይባላል፣ የሰዓታት ጸሎቱ አንቲፎናሌ። በየጊዜው የማይለወጡት የቅዳሴ ክፍሎች፣ ኪርዬ፣ ግሎሪያ፣ ክሬዶ፣ ሳንክቱስና አኙስ ዴይ፣ ኪሪያሌ ውስጥ ናቸው። ሰው የሚያምታታው ግራዱዋሌ የመጽሐፉም የአንድ ዜማም ስም ስለሆነ ነው፤ ዜማው ከምንባብ በኋላ የሚመጣው ነው። ብዙዎች «ዋናው የጥንት መጽሐፍ» የሚሉት ወፍራሙ ሊበር ኡሱዋሊስ ደግሞ ፈረንሳይ ያለው የሶሌም ገዳም መነኮሳት በ1896 ለአመቺነት ያጠናቀሩት ስብስብ ነው።

ዜማዎቹስ? መዝሙረ ዳዊት ሲባል አንድ ድምፅ ላይ ነው የሚኬደው። መግቢያው ዜማ፣ ኢንትሮይት፣ በድምፅ ብዛት መካከለኛ ነው፤ ካህናቱ ሲገቡ ይዜማል። ሃሌ ሉያ ላይ ግን የመጨረሻዋ «ያ» ብቻዋን በደርዘን የሚቆጠሩ ድምፆችን ተሸክማ ትሄዳለች። ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ላይ ኖትከር በወጣትነቱ እነዚህ ረጃጅም ዜማዎች አልያዝ ብለውት ነበር፤ በኋላ ለየድምፁ አንድ አንድ የቃል ክፍል እየሰጠ የራሱን ግጥም ጻፈባቸው። ሴኩዌንሲያ የሚባለው ዘውግ በዚህ መንገድ ዝናው ጨመረ። በኋላ በመቶዎች፣ በሺዎች ተበራከተና በ1570 የወጣው የቅዳሴ መጽሐፍ አራቱን ብቻ አስቀረ።

«ሴቶች አያዜሙትም» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። የሴት ገዳማት ሁሉ ያዜሙት ነበር፤ ቢንገን ላይ የነበረችው ሂልደጋርድ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከ70 በላይ ዜማ ደርሳለች።

«ሳይነካ ነው የደረሰን»

እዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያው ጎርጎርዮስ ይመለሳሉ። በ1577 የሮም ሙዚቀኞች የነበሩትን ፓለስትሪናንና ዞይሎን ጠርተው የዜማ መጻሕፍቱን «አስተካክሉ» አሏቸው። ሥራው ተንጓተተና በሌሎች እጅ በ1614 እና 1615 ታትሞ ወጣ። ረጃጅሞቹ ዜማዎች ተቆራርጠዋል፣ ሃሌ ሉያው ተላጭቷል። 19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ጀርመን ውስጥ ይኸው ዓይነት ዜማ እንደገና ታተመ፣ ያውም ከሮም ልዩ ፈቃድ ጋር።

ይህን የተቃወሙት የሶሌም መነኮሳት ናቸው። ሙግታቸውን ወድጄዋለሁ። አንድ ዜማ መረጡ፣ «ዩስቱስ ኡት ፓልማ» የሚለውን። የዚያን ዜማ ፎቶ ከየሀገሩ ከ200 በላይ ብራና ላይ ሰብስበው አሳተሙ፦ እዩት፣ ሁሉም ይስማማሉ፣ የሚለየው የናንተ መጽሐፍ ነው። ፖፕ ፒዮስ 10ኛ በ1903 የጥንቱን ዜማ ደገፉ፣ አዲሱ የቫቲካን ግራዱዋሌ በ1908 ወጣ።

እሱም ውስጥ ቢሆን ሁሉም ጥንታዊ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ምዕመናን በቃላቸው የሚያዜሙት «የመላእክት ቅዳሴ» ዋና ዋና ክፍሎቹ ከመካከለኛው ዘመን መገባደጃ ወዲህ የመጡ ናቸው፤ አብሮት የሚዜመው ሦስተኛው ክሬዶ ደግሞ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሰው በጣም ጥንታዊ ብሎ የሚያስበው ብዙ ጊዜ ታናሹን ነው።

«ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ከለከለው፣ ካቶሊክ የሆነ ሁሉ ደግሞ ያውቀዋል»

ጉባኤው በ1963 ባወጣው ሰነድ ግሪጎሪያን ዜማ በሮም ሥርዓት የቀዳሚነት ቦታ ይሰጠው ነው ያለው። ከዚያ በኋላ በየአጥቢያው የቀረው ሕዝቡ በየቋንቋው ማስቀደስ ስለጀመረ ነው። ሁለተኛውም ስህተት ነው። የግዕዝ ሥርዓት የሚከተሉት የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ቅዳሴያቸው ግዕዝ፣ ዜማቸውም የያሬድ ነው። የላቲን ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮች ያሉት በአብዛኛው በደቡብና በምዕራብ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ በየቋንቋቸው ነው የሚዘምሩት።

የዜማውን የዛሬ መልክ ማየት የሚፈልግ በ1979 የወጣውን ግራዱዋሌ ትሪፕሌክስ ይግለጥ። መሀል ላይ በአራት መስመር የታተመው ካሬ ኖታ አለ። ከላይ በጥቁር በ930 ገደማ ከተጻፈው፣ ፈረንሳይ ካለችው ከላኦን ከተማ ብራና የተገለበጠው ኒውም፣ ከታች በቀይ የሳንክት ጋለን አካባቢው። ዘማሪው ድምፁን ከመሀሉ፣ አካሄዱን ከላይና ከታች እያነበበ ያዜማል።