ቅርፊትን ፍቆ መፈተሽ ምንድን ነው?

ቅርፊትን ፍቆ መፈተሽ ማለት ውርጭ የመታው ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ መሞቱን ወይም መትረፉን ለማወቅ የቅርንጫፉን ውጫዊ ልባስ በጥፍር ወይም በስለታም ቢላ በስሱ አንስቶ ከሥሩ ያለውን ቀለም መመልከት ነው። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ካምቢየም የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ አዲስ እንጨትና አዲስ ልጥ የሚያበጀው እርሱ ነው። ቦታው አረንጓዴና እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ያ ክፍል በሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ግን ሞቷል።

ዘዴው ቀላል ቢሆንም ያለጊዜው ሲደረግ ያሳስታል። የሙቀት መጠኑ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ በረዶ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራው በሕዋሳት መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ሲሆን፣ ከሕዋሳቱ ውሃ እየሳበ ያደርቃቸዋል፤ በሕዋሱ ውስጥ ከተሠራ ደግሞ የሕዋሱን የራሱን ስስ ሽፋን ስለሚቀድ ሕዋሱ አይተርፍም። ይህ ጉዳት ወዲያውኑ በቀለም አይገለጥም። የሞተው ልጥ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ለጥቂት ቀናት አረንጓዴ መስሎ ሊቆይ ስለሚችል፣ በማግስቱ የተደረገ ፍተሻ የሞተውን ሕያው ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ጥቂት ቀናት፣ ቢቻልም ከዚያ በላይ መታገሥ እጅግ አስፈላጊ ነው።

ፍተሻው ከቅርንጫፉ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ምክንያቱም ቀድሞ የሚጎዳው ቀጭኑ ጫፍ ነው። ጫፉ ቡናማ ሆኖ ጥቂት ዝቅ ብሎ አረንጓዴ ከታየ፣ የሞተው እስከዚያ ድረስ ያለው ብቻ ነው። የአንድ ቅርንጫፍ መድረቅ የተክሉ ሁሉ ሞት ተደርጎ መቆጠር ስለሌለበት በየአቅጣጫው ያሉትን መሞከር፣ በመጨረሻም ግንዱን ከመሬት አጠገብ መፈተሽ ይገባል። የሚፋቀው ስፍራ ትንሽ ይሁን፤ ቅርፊቱን ዙሪያውን መላጥ ጤነኛውን ግንድ ራሱ ይገድለዋል።

እንጨት የሌላቸው ተክሎች በዚህ መንገድ አይፈተሹም። ለብዙ ዓመት የሚኖሩት ከላይ ሙሉ በሙሉ ጠውልገው ከሥር ሊያቆጠቁጡ ስለሚችሉ፣ ሥሩና ግንዱ የሚገናኙበት ስፍራ በጣት ይዳሰሳል፤ ጠንካራ ከሆነ ተስፋ አለው፣ ከሟሸሸና ከሸተተ በስብሷል። በብርቱካንና በሎሚ ዛፎች ላይ ቅጠሉም ይመሰክራል፤ ከውርጭ በኋላ የረገፈው ቅጠል ቅርንጫፉ በሕይወት መኖሩን ሲጠቁም፣ ደርቆ ሳይወድቅ ተጣብቆ የቀረው ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፉ አብሮት መሞቱን ያመለክታል። በማሰሮ ያሉ ተክሎች ደግሞ ላያቸው አረንጓዴ ቢሆንም ሥራቸው ሊሞት ይችላል፤ ሥር ከግንድ ይልቅ ብርድ አይችልም፣ በማሰሮም ውስጥ የመሬት ከለላ የለውም።

ቡናማ የተገኘውን ሁሉ ወዲያው መግረዝ ግን አይመከርም። መግረዝና ማዳበሪያ ለጋ ቡቃያ ያነሣሣሉ፣ ያም ተከታዩን ውርጭ አይቋቋምም። አዲስ እድገት ወጥቶ የሕያውና የሞተው ድንበር ሲለይ መቁረጥ ይሻላል። በሌላ ተክል ሥር ላይ የተዳቀለ ችግኝ ከሆነ ቡቃያው የወጣበት ስፍራ በጥንቃቄ ይታይ፤ ከድቀላው መገጣጠሚያ በታች ብቻ ከበቀለ፣ የተረፈው የተፈለገው ዝርያ ሳይሆን የሥሩ ዝርያ ነው።