ከታዋቂ ሰዎች ስም የሚወጡ ቅጽሎች፦ ከሐረር ምሳሌዎች ጋር

ከታዋቂ ሰው ስም የሚወጣ ቅጽል ያ ሰው በትምህርቱ፣ በጥበቡ ወይም በሥራው የቀደደውን ፈለግ የሚገልጽ ቃል ነው። በአማርኛ ይህን ቅጽል የሚያስገኘው በዋነኛነት ከግዕዝ የተወረሰው «-አዊ» የሚለው ቅጥያ ሲሆን፣ «ያሬዳዊ» እና «ዳርዊናዊ» የተገኙት በዚሁ መንገድ ነው፤ «ማርክሳዊ» እና «ሌኒናዊ» ደግሞ በደርግ ዘመን በጋዜጣና በሬዲዮ ሳይነሡ የሚውሉበት ቀን አልነበረም። ቅጥያው «የ» ከሚለው አገናዛቢ ጋር መምታታት የለበትም። የማርክስ መጽሐፍ ማርክስ ራሱ የጻፈው ነው፤ ማርክሳዊ መጽሐፍ ግን አስተሳሰቡን የተከተለ ሌላ ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ የጻፈው ሊሆን ይችላል።

በአውሮፓ ቅጽሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚመሠረተው በቤተሰብ ስም ላይ ነው። የቤተሰብ ስም ባልተለመደበት በአገራችን ግን መሠረቱ የሰውየው የራሱ ስም፣ አንዳንዴም ማዕረጉ ጭምር ነው፤ ለዚህም ከሐረር የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1892 በሐረር አቅራቢያ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ተፈሪ መኮንን በ1916 የራስነት ማዕረግ አግኝተው፣ በ1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ቢጭኑም፣ ከዚያ በኋላ በጃማይካ የተነሣው እምነት መጠሪያውን የወሰደው ከንግሥና በፊት ከነበረው ስማቸው በመሆኑ፣ «ራስተፈሪያን» የሚለው ቃል ማዕረግንና ስምን አዋሕዶ ዓለምን አዳርሷል።

በግንብ በታጠረችው ጥንታዊት የሐረር ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ከዚህ እጅግ የቆዩ ሌሎች ምሳሌዎችም አሉ። የሐረር ሙስሊሞች በአብዛኛው የሚከተሉት የሕግ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ አተረጓጎም ፈለግ) «ሻፊዒ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ820 ባረፉት በኢማም ሻፊዒ ስም ሲሆን፣ በከተማዋ ሥር የሰደደው የ«ቃዲሪያ» ጠሪቃም (የሱፊዎች መንፈሳዊ ማኅበር) ስሙን ያገኘው በ1166 በባግዳድ ካረፉት ከሼኽ አብዱልቃድር ጀይላኒ ነው። ዐረብኛ ለዚህ የሚጠቀምበት «-ኢ» የሚለውን መድረሻ ነው፤ «ጠሪቃ» በዐረብኛ አንስታይ ጾታ ስላለው መድረሻው «-ኢያ» ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1880 ወደ ሐረር የመጣው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም በአገሩ ቋንቋ ቅጽል ወጥቶለታል፦ «ራምባልዲየን»። ቃሉ የሚገልጸው ግን በወጣትነቱ የተወውን ግጥም እንጂ በሐረር የኖረውን የቡናና የቆዳ ነጋዴ አይደለም። ሐረር በበኩሏ የምታውቀው የራምቦን ቤት ነው፤ ራምቦአዊ የሚል ቃል በከተማዋ አልተለመደም።