«ዴዲኬሽን» በጎንደር፦ ለማን ነው የተሰጠው?

ወጣቱ «እሱ እኮ ዴዲኬትድ ነው» ሲል፣ ለሥራው የማይሰንፍ፣ ጊዜውን የማይሰስት ማለቱ ነው። ለዚህ ትጋት የሚል ቃል አለን። የእንግሊዝኛው «ዴዲኬሽን» ግን ሌላም ብዙ ይሸከማል፤ አማርኛ ደግሞ ሸክሙን ለየቃሉ ያከፋፍለዋል። ሲያከፋፍል «ማን ለማን ሰጠ? ይመለሳል ወይ?» እያለ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ በጎንደር ከሁሉ የሚከብደው ቅዳሴ ቤት ነው፤ አዲስ ቤተ ክርስቲያን የሚቀደስበት ሥርዓት። «ቀደሰ» ለየ፣ አከበረ ማለት ነው። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ታቦቱ መቃኞ ውስጥ ይቆያል፤ መቃኞ ለጊዜው የምትሠራ ጠባብ ቤት ናት፣ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ለባሽ። ሕንፃው ሲያልቅ ጳጳስ መጥቶ ይባርካል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ታቦቱም በዝማሬና በእልልታ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያ ቤት አዳራሽ ወይም መጋዘን ልሁን ቢል አይሆንለትም። ስለዚህ «ተመረቀ» ማለት አይበቃም። ምረቃማ ለድልድይም ይደረጋል፤ ሪባን ተቆርጦ፣ ምሳ ተበልቶ ያልቃል። ቅዳሴ ቤት በየዓመቱ ይመለሳል። ሰኔ 12 ሚካኤል፣ ሰኔ 21 ማርያም፣ ኅዳር 7 ጊዮርጊስ የሚነግሡት በቅዳሴ ቤት ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ቀኑን እንጂ ምክንያቱን አናውቀውም። የአይሁድ ሐኑካም ከዚሁ ወገን ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 «የመቅደስ መታደስ በዓል» የተባለው እሱ ነው።

ቤቱ ከተለየ በኋላ ደግሞ መተዳደሪያ ይፈልጋል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደርን ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ጉልትም፣ ማለትም ግብሩ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚገባ መሬት፣ ሰጥተዋል። እንዲህ ያለው ስጦታ በብራና ላይ፣ አንዳንዴም በወንጌሉ ኅዳግ ይጻፍ ነበር፤ ከሥሩም «ይህን የነካ የተወገዘ ይሁን» የሚል ግዝት ይከተላል። ሰጪው ራሱ ቢጸጸት እንኳ መመለሻ የለውም። ጉልቱን የካቲት 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ጨረሰው።

ቀለል ያሉትም አሉ። መጽሐፍ ላይ «መታሰቢያነቱ ለእናቴ» እንላለን፣ ሬዲዮ ላይ «ለጓደኞቼ ይጋበዝልኝ»። ጎንደር ውስጥ ግን ዘፈን መጋበዝ የሚያምረው አዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪውን ብር ትሸልምና የጓደኛህን ስም ጆሮው ላይ ሹክ ትለዋለህ። ማሲንቆውን እየገዘገዘ ስንኙን ወደሱ ያዞራል፤ «ተቀበል!» ብለህ ራስህ ብትገጥምም ይቀበልሃል። እዚህ ግዝት የለም። ብር ስትጨምር ሙገሳው ይረዝማል፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ሲጨምር ደግሞ ያለ ይሉኝታ ይዞርብሃል።

ስለት ከጉልቱና ከአዝማሪ ቤቱ ግብዣ መሀል ነው። ገና ሳይሰጥ ያስራል። «ልጄን ብታድንልኝ ጥላ አገባለሁ» ያለ ሰው፣ ልጁ ከዳነ ዕዳ አለበት። በንግሥ ቀን ጥላው፣ ምንጣፉ፣ ጧፉ ይጎርፋል። ከዚያ ጨረታ ነው፤ አንዱ ተሳለ፣ ሌላው ገዛ፣ የገዛውም ብዙ ጊዜ መልሶ ለቤተ ክርስቲያኑ ይሰጠዋል። አክስቴ አንድ ዓመት ያገባችው ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጥላ በርካሽ ሊሄድ ሆነ። አላስቻላትም። ዋጋ ጨምራ፣ ተፎካክራ፣ የራሷን ጥላ ራሷ አሸነፈችና እዚያው መልሳ ሰጠችው።