ቦርጭና ሲክስ ፓክ፦ በየሰፈሩ የምንሰማው ምክርና እውነታው

ድሮ ቦርጭ የምቾት ምልክት ነበር። «ተመችቶሃል ማለት ነው!» ሲባል ሰውየው ሆዱን እየዳበሰ ፈገግ ይላል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ጎረምሳው ሲክስ ፓክ፣ ማለትም ስድስት ቦታ ተከፍሎ የሚታይ የሆድ ጡንቻ ይፈልጋል። ጎልማሳው ደግሞ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ቢገባለት ይበቃዋል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ምክሩ ግን ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የሚመጣው፣ አብዛኛውም ስህተት ነው።

«ሲት አፕ ሥራ፣ ቦርጭህ ይጠፋል»

በዚህኛው እኔም ተሸውጃለሁ። ሦስት ወር ሙሉ በየማለዳው 200 ሲት አፕ ሠራሁ። ሆዴ ጠነከረ፣ ስነካው ይታወቀኛል። ቀበቶዬ ግን ከድሮው ቀዳዳ ፈቀቅ አላለም።

ጡንቻ ሲሠራ ጉልበት የሚያገኘው በውስጡ ካከማቸውና በደም ከሚመጣለት ነው። ላዩ ላይ የተደረበውን ስብ በቀጥታ አይበላውም። ሰውነት ስብ ሲያስፈልገው ከመላው አካል እያነሳ ወደ ደም ይለቃል። ከየት ቀድሞ እንደሚነሳ የሚወስኑት ሆርሞን፣ ጾታና የቤተሰብ ውርስ ናቸው። ብዙ ወንዶች ላይ ሆድ ቀድሞ የሚሞላ፣ ዘግይቶ የሚጎድል ቦታ ነው። ፊትህ ከስቶ ሰው ሁሉ «አሞህ ነበር እንዴ?» ይልሃል፣ ቦርጩ ግን አለ።

እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ ጥናት ቴኒስ ተጫዋቾችን ለክቷል። ራኬት የሚይዘው ክንዳቸው ከሌላው የበለጠ ጡንቻ ነበረው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ግን በሁለቱም ክንድ ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ለስድስት ሳምንት የሆድ ስፖርት የሠሩ ሰዎች የሆድ ስባቸው እንዳልቀነሰ ታየ። ያተረፉት የሆድ ጡንቻቸው ቶሎ አለመድከሙን ነው። እኔም ያገኘሁት እሱኑ ነው። ሲት አፕ ጡንቻውን ይሠራል፣ የሸፈነውን የስብ መጋረጃ ግን አይገልጥም።

«ላብህ ሲወጣ ስቡ እየቀለጠ ነው»

ሆዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ጃኬት ደርበው መስቀል አደባባይ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ አይጠፉም። ሲጨርሱ ሚዛን ላይ ወጥተው አንድ ኪሎ ቀንሰው ያገኙታል። ውኃ ሲጠጡ ኪሎው ይመለሳል። ላብ ውኃና ጨው ነዋ!

ታዲያ የተቃጠለው ስብ የት ይገባል? አብዛኛው በትንፋሽ ይወጣል። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ከሳንባችን ይወጣል፣ 1.6 ኪሎው ውኃ ይሆናል። (ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ግን አይከሳም። የሞከረ ጓደኛ አለኝ፣ ያተረፈው ማዞር ነው።)

«ሎሚ በሙቅ ውኃ ስብ ያቀልጣል»

ሎሚ የድስት ቅባት ያስለቅቃል፣ ሆድ ላይ ያለውን ስብ ግን አያገኘውም። ጨጓራችን ራሱ ከሎሚ የበረታ አሲድ አለው። ዝንጅብሉም ኮምጣጤውም ተአምር አይሠሩም። ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ ሲጠጣው ማቃጠሉን ብቻ ያተርፋል።

«የሚያወፍረን እንጀራ ነው»

«እንጀራ ካቆምኩ ሁለት ወሬ» የሚል የሥራ ባልደረባ አለኝ። ምሳውን ፓስታ በዳቦ ይበላል። እንጀራ ምን በደለ? የሚበዛብን መጠኑና አብሮት የሚመጣው ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው። ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ አልኮል 7። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ዘይት በማንኪያ ተለክቶ አያውቅም፣ ከጀሪካኑ በዓይን ግምት ይንቆረቆራል። ማንም የማይቆጥረው እሱን ነው።

ጾምም ላይ ያው ነው። «ሁዳዴ ሲገባ እከሳለሁ» ብለን እንጠብቃለን። 55 ቀን ሥጋና ወተት ይቀራል። በቦታው ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ዘይት የጠጣ ፍርፍር ይገባል። በፋሲካ ሱሪው ሲጠብ እንገረማለን። ጾም እንዲያውም ለክሳት አልተሠራም፣ በዚያ ማማረር ነውር ነው።

ቢራስ? 330 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ወደ 140 ካሎሪ አለው። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ የሚያቃጥለውም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሦስት ጠርሙስ፣ ከጎኑ ጥብስ... ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

«ሆዷን በደንብ ስላላሰረች ነው»

ይህ አራስን የሚያሳቅቅ ንግግር ነው። በእርግዝና ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት ሁለቱ የሆድ ጡንቻዎች ከመሐል ይራራቃሉ። ብዙዎች ላይ ከወሊድ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀራረባሉ፣ አንዳንዶች ላይ ክፍተቱ ይቆያል። መቀነት ወገብን ይደግፋል፣ ስብ ግን አያጠፋም። ክፍተቱ ካልጠበበ ወይም ስትነሳ የሆዷ መሐል ሾጥጦ ከወጣ፣ ሲት አፕ ከመጀመሯ በፊት ፊዚዮቴራፒስት ቢያያት ይሻላል።

«ቀጭን ነኝ፣ ቦርጭ አያሳስበኝም»

እጅና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ብቻ የወጣ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ይሄ ነው እንዲያውም የሚያሳስበው። በጣት ቆንጠጥ የሚደረገው ስብ ከቆዳ ሥር ያለው ነው። ጉበትና አንጀትን የሚከበው ከስኳርና ከልብ በሽታ ጋር ይበልጥ ይያያዛል፣ ሚዛንም አይነግራችሁም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል። ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሐል፣ አየር አስወጥታችሁ ለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን አደጋው ይጨምራል ይላል። ደስ የሚለው ይህ የውስጡ ስብ ለስፖርት እሺ ባይ ነው፣ ኪሎው ብዙ ሳይቀንስ እንኳ ይጎድላል።

ሆድ በሳምንታት ውስጥ ድንገት ከተነፋ፣ እግር ካበጠ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን ነገሩ ቦርጭ አይደለም። ሐኪም ቤት ነው።

«ከሠራ ሁሉም ስድስት ያወጣል»

የሆድ ጡንቻን አግድም የሚከፋፍሉት ጅማቶች አብረውን የሚወለዱ ናቸው። አንዱ ስድስት፣ ሌላው አራት፣ ሌላው ስምንት ይወጣለታል። ጂም ውስጥ ቁጥሩ አይቀየርም። የእኔ ስንት እንደሆነ ገና አላየሁም። ባለቤቴ ግን ዘይቱን በማንኪያ መለካት ከጀመረች ወዲህ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ገብቷል። ወጡ ጣዕሙን አጥቷል ብዬ ሁለት ቀን አኩርፌ ነበር።